ከኮምቦልቻ በየጎፍ አድርጎ ደሴ፦ የረጅም ጉዞ የእግር መንገድ እንዴት ይሠራል?

ወሎ ውስጥ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚወጣው ምዕመን፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ አህያውን ጭኖ ገበያ የሚገባው ገበሬ ዳገቱን ሲወጣና ቁልቁለቱን ሲወርድ ነው የኖረው። ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የጎደለው ሌላ ነው፦ ምልክት ያለው፣ ክረምት የማያፈርሰው፣ ማደሪያው የታወቀ፣ የሚያልፍበትን ደን የማይጎዳና ጠባቂ ያለው የእግር መንገድ። የወጣት ማኅበርም ሁኑ የተጓዥ ክበብ፣ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያም ሁኑ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እንዲህ ያለ መንገድ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለመሥራት ካሰባችሁ የሚከተለው ይጠቅማችኋል። ሥራው ግን ከዶማ አይጀምርም። ዶማ የሚነሳው ከግማሽ በላይ የሆነው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ፦ በትልቁ አልሙ፣ በትንሹ ጀምሩ

ካርታ ስታዩ የሚያጓጓው መስመር ራሱን ያሳያል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የጎፍ ተራራን ይወጣል፣ በሐረጎ በኩል ደሴ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ወደጠሩበት ቦሩ ሜዳ ያቀናል፣ አርዲቦንና ሐይቅን አይቶ በአምባሰል ግሸን ላይ ያበቃል። ቆንጆ ሕልም ነው፤ ወረቀት ላይ ሣሉት። ለመሥራት የምትነሱት ግን የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ነው፦ ከኮምቦልቻ በየጎፍ አድርጎ ደሴ።

ይህን የምለው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የዓለም ታላላቅ የእግር መንገዶች በቁራጭ ነው የተሠሩት። አሜሪካ ውስጥ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአፓላቺያን መንገድ ቤንተን ማካይ የተባለ ሰው ሐሳቡን ያቀረበው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገናኘው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ ዛሬም እያንዳንዱን ቁራጭ የሚጠግነው የየአካባቢው ክበብ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ ጥሩው ምሳሌ ሰሜን ወሎ፣ መቄት ውስጥ አለ። ተስፋ በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ጉብኝት በ2003 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መቋት ማርያም ላይ በአንድ ማደሪያ ነበር የጀመረው። ያ ከቆመ በኋላ ነው ሌሎቹ መንደሮች እንደ ሰንሰለት የተቀጠሉት።

ለመነሻ ኮምቦልቻ ምቹ ናት። አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስም ያልፍባታል። ደሴ ደግሞ ከጉዞ በኋላ ገላ የሚታጠቡበት፣ ምግብ የሚበሉበት፣ አይጠየፍ አዳራሽን የሚያዩበት ከተማ ነው። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በሁለት ቀን በእግር የሚሄድ ሰው የሚፈልገው በመስኮት የማይታየውን ነው፤ መንገዳችሁ ያንን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ከአስፋልቱ ራቁ። የሲኖትራክ ጡሩምባ እየሰማ የሚሄድ ተጓዥ ሁለተኛ አይመጣም።

ሁለት፦ መሬቱ የማን እንደሆነ እወቁ

ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ ጋራው ሁሉ አንድ ጋራ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ታችኛው ተዳፋት የአባወራዎች የእርሻ ይዞታ ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተብሎ የተከለለ የወል መሬት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ባህር ዛፍ የተከሉ ወጣቶች ይዞታ፣ ከፍ ሲል የመንግሥት ደን፣ መሐሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር ይኖራል። የፌዴራሉ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ይለያል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 252/2009 ደግሞ የባለይዞታውን መብት ይደነግጋል። ሁለቱንም ሳታነቡ ወደ ቀበሌ አትሂዱ። መንገዱ የሚነካውን እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት በዝርዝር ጻፉ፤ ከጎኑ ባለይዞታውን፣ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤትና የተሰጠውን መልስ አስፍሩ። በመስመሩ ላይ ካሉት መሐል ኮምቦልቻና ደሴ የየራሳቸው የከተማ አስተዳደር አላቸው፤ ገጠሩ ቃሉና ደሴ ዙሪያ ወረዳ ነው። አንዱ ፈቀደ ማለት ሌላው ፈቀደ ማለት አይደለም።

የተከለለው መሬት ታሪክ አለው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ከመታ በኋላ እነዚህ ጋራዎች ላይ እርከን የሠራው፣ ችግኝ የተከለው፣ ከብቱን ከግጦሽ ያስወጣው እዚያው የሚኖረው ሕዝብ ነው። ብዙው የሠራው በምግብ ለሥራ ነው። ሣሩን ዛሬም በተራ አጭዶ ይወስዳል፤ ባልተፈቀደበት ቀን አንድ ፍየል ብትገኝበት ይቀጣል። እና እናንተ መጥታችሁ "ለፈረንጅ መንገድ ልንከፍት ነው" ብትሉት የሚሰማው ምን እንደሆነ አስቡት። "የእኔ በሬ የማይገባበት የእነሱ ቱሪስት ይገባል?" ይላል፤ ልክም ነው። መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ከመንገዱ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ማን ይገባል? ሣር የሚታጨድበት ወቅት መንገዱ ይዘጋል ወይስ ዞሮ ያልፋል? ጥበቃው ከመንደሩ ልጆች ይቀጠራል? እነዚህን ያልመለሰ ስብሰባ በጭብጨባ ቢያልቅም ተቀባይነት አላገኘም።

በስብሰባ ብቻም አታምኑ። ወሎ ውስጥ ትልቁ ነገር የሚያልቀው በቅሬው (በመንደሩ መረዳጃ ማኅበር)፣ በሽማግሌው፣ አንዳንድ ቦታ በአበጋሩ (በባህላዊው አስታራቂ) ዘንድ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ይለወጣል፤ ቅሬው አይለወጥም። ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ፤ ምንጩ የቱ ጋ እንደሚደርቅ፣ እንጨት የሚለቀመው የት እንደሆነ፣ ማታ ማታ ጅብ የሚወርድበትን ሸለቆ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ መተዳደሪያ ደንብ ይኑረው፤ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝና ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚቀጣ በግልጽ ያስቀምጥ። መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የአጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የቆየው ሣሩ ለስንት ዓመት እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ሁሉም ያውቅ ስለነበር ነው።

ሦስት፦ ያለውን መንገድ ተከተሉ፣ ግን አትመኑት

መስመሩን ስትመርጡ ሁለት ጊዜ ሂዱበት፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። በጋ ላይ ቆንጆ የሚመስለው ቀጭን መንገድ ነሐሴ ላይ ወንዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የድሮ የእግር መንገድ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም፣ ምንጭ ሳይነካ አያልፍም፣ ወንዙንም በደህና ቦታ ይሻገራል። ጉድለቱ ግን አንድ ነው፤ በችኮላ ስለተሠራ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ውሃ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በጥቂት ክረምትም ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ የድሮውን አቅጣጫ ያዙ፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ጎን አዙሩት።

የጎፍ ጫፍ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናት። ልዩነቱ 1,150 ሜትር ነው። በ100 ሜትር ጉዞ 10 ሜትር ብቻ የሚወጣ መንገድ ከሠራችሁ፣ ለመውጣቱ ብቻ 11 ኪሎ ሜትር ተኩል ያስፈልጋችኋል። ለጉዞ ሰዓት ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስካሁን ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ቀን ከአራት ሰዓት በላይ ጉዞ ነው። ዕረፍት፣ ምሳና ፎቶ ሲጨመርበት ቀኑን ይሞላል። ማደሪያው እንግዲህ ጋራው ላይ ነው ማለት ነው።

ደኑ ውስጥ ስትገቡ ጥድና ወይራ ያለበትን መሐሉን ተዉት። መንገዱ በደኑ ጠርዝ ይሂድ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ገባ ይበል። ለተጓዡ አንድ ጥሩ እይታ ይበቃዋል፤ አእዋፍና እንስሳት ግን ሰው የማያልፍበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። የተደራጁ ወጣቶች ቀፎ የሰቀሉበት ጋራ ካለ ከቀፎው ራቅ ብላችሁ እለፉ። ይህን የረሳ ሰው በንብ መነደፉን አይረሳም።

አራት፦ በውሃ ልክ መስመር አውጡ

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የግብርና ልማት ሠራተኛው እርከን የሚያወጣበት ውሃ ልክ በየቀበሌው አለ። ሁለት እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎና መሐሉ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ፤ በቃ። እርከን ሲወጣ ሲባጎው በሁለቱ እንጨት ላይ እኩል ከፍታ ላይ ይታሰራል፤ ምክንያቱም እርከን አይወጣም፣ አይወርድም። መንገድ ግን መውጣት አለበት። ከኋላ የሚቆመው ሰው እንጨት ላይ ሲባጎውን 1.60 ሜትር ላይ እሰሩ፤ ከፊት የሚሄደው እንጨት ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ። የፊተኛው ሰው ጋራው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ይፈልጋል፤ መሐል ያለው ሦስተኛ ሰው አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም "ያዝ!" ይላል። የፊተኛው እግር ያለበት ቦታ ከኋለኛው 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በመቶ 8። ችካል ትከሉና ቀጥሉ። ሦስት ልጆች ጠዋት ጀምረው እስከ ምሳ ሰዓት ብዙ ይሄዳሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለው የቅየሳ ተማሪ ማስተባበርም ይቻላል፤ እኔ ግን የመንደሩን ልጆች አስቀድሜ አሰለጥናለሁ። መንገዱ ነገ ሲበላሽ እዚያው ያሉት እነሱ ናቸውና።

አንድ ሕግ ያዙ፦ የመንገዱ አቀበት ከጋራው ተዳፋት ግማሽ አይብለጥ። ጋራው በመቶ 40 ከሆነ መንገዱ ከ20 በታች ይሁን፤ ሜዳ ቢጤ ሆኖ በመቶ 10 ከሆነ ደግሞ ከ5 በታች። ከዚህ ካለፈ ውሃው ወደ ጎን መውጣቱን ትቶ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ማጠፊያ አታብዙ። ማጠፊያ የበዛበት መንገድ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ አቋራጭ ይሠራል፣ አቋራጩም ደኑን ይሰነጥቃል። ማጠፊያው የግድ ከሆነ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ በሚጋርደው ቦታ ላይ አድርጉት፤ ከላይ ያለው ተጓዥ ታችኛውን መንገድ ካላየ አቋራጭ አይፈልግም።

አምስት፦ ቁፋሮ

ከቁፋሮ በፊት አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ጦርነት ነበር፤ ጋራዎቹ ምሽግ ሆነው ነበር። በሚመለከተው አካል ተፈትሾ ሳይጸዳ ማንም አካፋ አይያዝ። ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ያገኘ ሰው አይንካው፤ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ ያሳውቅ። እረኞቹን ጠይቁ፤ የት ምን እንዳዩ ይነግሯችኋል።

ወቅቱ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይሁን። የመኸር አዝመራ ገብቷል፣ መሬቱም ገና አልደረቀም። ከየካቲት በኋላ ወሎ ላይ የበልግ ዝናብ ይመጣል፣ ገበሬውም ወደ እርሻው ይሄዳል። ጥር ላይ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ስለሚጀመር አንዳንድ ሰው "በዚያው በዘመቻው ይሠራ" ይላል። አልስማማም። ሕዝቡ ለራሱ መሬት በነጻ የሚሠራበትን ቀን ለቱሪስት መንገድ ማዋል መጥፎ አጀማመር ነው። ለቆፈረ ክፈሉ፤ ደቦ የሚጠሩት ጎረቤቶች ከሆኑ ደግሞ እንደ ደንቡ ግብዣው ይኑር።

ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጅኖ፣ አፈር መሸከሚያ ባሬላና አንድ መጋዝ ይበቃሉ። ስፋቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይሁን፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ ብዙ ሳይቆይ ሞተር ሳይክል ይገባበታል። ጋራው ላይ የመንገዱን ሙሉ ስፋት ከጽኑው መሬት ቆርጣችሁ አውጡ። ግማሹን ቆርጦ ግማሹን በተጣለ አፈር መሙላት የሰነፍ ሥራ ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት የተሞላው ይንሸራተታል። ቆርጦ ማውጣት በማይቻልበት ቋጥኝ ላይ ከታች የድንጋይ ካብ ካቡ። ካብ እንደ ወሎ ገበሬ የሚችልበት የለም፤ መሐንዲሱ ዳር ሆኖ ይይ።

ስድስት፦ ውሃን አስወጡ

መንገድ የሚያፈርሰው እግር አይደለም፣ ውሃ ነው። ውጫዊው ጠርዝ ከውስጠኛው ዝቅ ይበል፤ በ1 ሜትር ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ያኔ ዝናቡ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል እንጂ አብሮት አይሄድም። መንገዱ እየወጣ ሳለ በየተወሰነ ርቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ይነሳ፤ ዝቅ ባለበት ላይ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል። ዳገቱ በበረታበት በየ15 ወይም 20 ሜትሩ አድርጉት፣ ለጥ ባለው ላይ ደግሞ አራርቁት። ውሃው ወጥቶ የሚያርፍበት ላይ ድንጋይ ጣሉ፤ አለበለዚያ ከእናንተ መንገድ የወጣ ጎርፍ የሰው እርከን ያፈርሳል፣ ክስም ይመጣል። መንገዱ ሸለቆ ሲሻገር ድልድይ አትመኙ፤ የድንጋይ መረማመጃ ይበቃል። የቦርከና ወንዝ ደሴን አልፎ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ክረምት ላይ የሚይዘውን ጉልበት ያየ ሰው ትንሽ ድልድይ እንደማያስተማምን ያውቃል።

ሰባት፦ በርና ምልክት

መንገዱ ወደተከለለው መሬት በሚገባበት ቦታ ሁሉ ሰው ተጣምሞ የሚያልፍበት፣ በሬ ግን የማያልፍበት ጠባብ በር ሥሩ። ይህ ከሌለ መንገዱ የከብት መግቢያ ይሆናል፣ ዓመታት የፈጀው ጥበቃም በአንድ በጋ ይበላሻል። ምልክቱ ድንጋይ ላይ በቀለም ይሁን፤ ዛፍ ላይ ሚስማር አትምቱ። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሰዓት ጻፉ። ምንጭ ያለበትን፣ እሳት የማይነድበትን፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ስትቀጥሉ ደግሞ ሴት የማይገባበትን ገዳም አስቀድማችሁ ጻፉ። ቃሉ ውስጥ ጌታ የሚባለውን ለመሳሰሉ የሙስሊሞች የዚያራ (የመንፈሳዊ ጉብኝት) ቦታዎችም እንዲሁ፤ ስለ አለባበስና ጫማ ስለማውለቅ ተጓዡ ደጃፍ ላይ ሳይደርስ ይወቅ።

ስምንት፦ ማደሪያና ገንዘብ

መቄት ላይ የተስፋ ጉብኝት የተሳካበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ቤቱ የማኅበረሰቡ ነው፣ አብሳዩ፣ መሪውና ባለአህያው ከመንደሩ ናቸው፣ ከገቢው ብዙው እዚያው ይቀራል። እናንተም የጎፍ ላይ ሆቴል አትመኙ። ሁለት ሦስት ጎጆ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ከምንጩ ራቅ ያለ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ማታ ቡና። በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ሰው ጥቂት ይሁን። ሻንጣ በአህያ ይጫን፤ አህያ ያለው አባወራ የመንገዱ ባለቤት ይሆናል። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፦ ለሠራው ሰው፣ ለመንደሩ የጋራ ሣጥን፣ ለመንገዱ ጥገና። ሦስተኛውን ማንም እንዳይነካው በደንቡ ላይ አጥብቃችሁ ጻፉ፤ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነውና። ሒሳቡን በየሦስት ወሩ በቅሬው ፊት አንብቡት።

ዘጠኝ፦ ጥገና፣ ከዚያም ቀጣዩ ቁራጭ

ሰኔ ላይ ክረምቱ ሳይገባ የውሃ መውጫዎቹን ጥረጉ፤ መስከረም ላይ ዞራችሁ የፈረሰውን ካቡ። እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን ቁራጭ ይያዝ፣ ድንበሩም ላይ ድንጋይ ይቁም። ሁለት ክረምት ሳይፈርስ የቆየ መንገድ ሦስተኛውን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚወስደውን ቁራጭ አንሱ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ውስጥ በተነሳው ግጭት ምክንያት ጋራ ላይ መውጣት በማይቻልባቸው ጊዜያትም የሚሠራ አለ። የይዞታ ዝርዝሩ በወረቀት ይዘጋጃል፣ መተዳደሪያ ደንቡ ይረቀቃል፣ ልጆቹ በውሃ ልክ ግቢ ውስጥ ይለማመዳሉ። የጸጥታውን ጉዳይ ከወረዳው ጋር ሳትነጋገሩና ከመንደሩ ሰው አንድ ሳይከተላችሁ አትውጡ። ዘንድሮ ካልተቻለ ለከርሞ ይሁን፤ ሰው ማነጋገር የምትጀምሩት ግን ዛሬ ነው፣ መጀመሪያ የምታንኳኩትም የቀበሌውን በር ሳይሆን የሽማግሌውን ነው።